ስምንት ፍሬ ለሁለት አይካፈልም፦ ወንዶች ከትሪኮሞኒያሲስ የሚድኑበት ዝርዝር መመሪያ

በሰሜን ሸዋ፣ ከደብረ ብርሃን ወደ ሸዋ ሮቢት በሚወስደው መንገድ ላይ ባለች አንዲት ከተማ መድኃኒት ስሸጥ ከመስኮቱ ማዶ የሚቆሙትን ወንዶች በአቋቋማቸው መለየት ተምሬ ነበር። ራሱን ያመመው በቀጥታ ይናገራል። ጉልበቱን ያመመው ሕመሙን ከነታሪኩ ይተርካል። ጋቢውን እስከ አፍንጫው ከፍ አድርጎ፣ ሌላው ሰው ገዝቶ እስኪሄድ ድረስ መደርደሪያውን የሚያነብ መስሎ የሚቆመው ግን «ለኩላሊት የሚሆን» ፈልጎ ነው። በእኛ አገር ሽንት ሲያቃጥል መጀመሪያ የሚከሰሰው ኩላሊት ነው።

ከእነዚህ አንዱን አልረሳውም። ከደብረ ሲና በኩል የመጣ፣ አርባ ዓመት ገደማ የሚሆነው ገበሬ ነበር። የታዘዘለት ባለ 250 ሚሊ ግራም ሜትሮኒዳዞል ስምንት ፍሬ ነው። «ሁሉንም ዛሬ ማታ በአንድ ጊዜ ይዋጡት» አልኩት፤ መርቆኝ ሄደ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ሲመለስ ማቃጠሉ አልለቀቀውም። እንዴት እንደዋጠው ስጠይቀው «አራቱን እኔ፣ አራቱን እሷ» አለኝ፤ ፊቴን አይቶም «ለብቻዬ ልድን እንዴ?» ሲል ጨመረ። የሰውዬው ልብ ትክክል ነበር፤ ክፍፍሉ ግን ሁለቱንም ሳያድን ቀረ። ጥፋቱ የእኔ ነው። ባለቤት እንዳለውና እሷም ታክማ እንደሆነ መጠየቅ ነበረብኝ።

ከዚያ ወዲህ ስለዚህ በሽታ የምመክረው ሁሉ ከዚያ የአራት በአራት ክፍፍል ይነሳል። ክኒኑን መዋጥ ቀላል ነው። ከባዱ ነገር ሁለት ሰዎች እያንዳንዳቸው ሙሉ ድርሻቸውን ይዘው በአንድ ሰሞን እንዲታከሙ ማድረግ ነው።

በሽታው ምንድን ነው?

ትሪኮሞኒያሲስን የሚያመጣው በዓይን የማይታይ፣ ባለ አንድ ሕዋስ ጥገኛ ተሕዋስ ነው። ጅራፍ በመሰሉ ቀጫጭን ጭራዎቹ እየተወራጨ ይንቀሳቀሳል። አልፍሬድ ዶኔ የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1836 በማይክሮስኮፕ ካየው ጀምሮ ይታወቃል፤ አዲስ መጤ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ብቻ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት በሆኑ ሰዎች ላይ 156 ሚሊዮን አዳዲስ ሕመሞች እንደነበሩ ገምቷል። እንዲያም ሆኖ ጨብጥንና ቂጥኝን የማያውቅ ሰው በሌለበት አገር የዚህን ስም የሰማ ጥቂት ነው።

«ጥገኛ» ሲባል የሆድ ትል የሚመስለው ሰው አለ፤ ኮሶ ጠጥቶ የመጣም አጋጥሞኛል። ኮሶ የአባቶቻችን መድኃኒት የሆነው ለኮሶ ትል ነው፤ ይህኛውን አያገኘውም። በጋለ ድንጋይ ላይ በመሽናት፣ ፀሐይን ፊት ለፊት አይቶ በመሽናት ወይም ውሻ በሸናበት ቦታ በመሽናትም አይመጣም። የሚተላለፈው በግብረ ሥጋ ግንኙነት ነው። ወደ ሰውነት ከገባ በኋላ ምልክት የሚያሳይ ከሆነ ብዙውን ጊዜ ከ5 እስከ 28 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ያሳያል።

የወንዶች ጣጣ እዚህ ላይ ነው፤ አብዛኞቹ ምንም አይሰማቸውም። የሚሰማው ሰው ቢኖር በብልቱ ውስጥ የማሳከክ ስሜት፣ ከሽንት ወይም ከዘር ፈሳሽ በኋላ ማቃጠል፣ ጠዋት ላይ የምትታይ ቀጭን ፈሳሽ ያገኛል። ሴቷ ግን ቢጫ ወይም አረንጓዴ የሚመስል፣ አንዳንዴም አረፋ ያለው ፈሳሽ፣ መጥፎ ሽታና ማሳከክ ሊያስቸግሯት ይችላል። ስለዚህ በብዙ ቤት በሽታው የሚታወቀው በሚስት በኩል ነው። እሷ ከጤና ጣቢያ ወረቀት ይዛ ትመጣለች፤ እሱ «እኔ ምንም የለብኝ» ይላል። እውነቱን ነው፣ ምንም አይሰማውም። ተሕዋሱ ግን አለበት።

አንደኛ ደረጃ፦ ከመድኃኒት ቤት በፊት ጤና ጣቢያ

የራሴን ገበያ የሚቀንስ ምክር ነው፤ ቢሆንም መስኮቱ ላይ መጥተው በጆሮ ሹክ አይበሉ። ሽንት ማቃጠልና ፈሳሽ ከጨብጥም፣ ከክላሚዲያም፣ ከትሪኮሞኒያሲስም ሊመጣ ይችላል፤ ሁለቱ ተደርበው የሚገኙበት ጊዜም ብዙ ነው። ለጨብጥና ለክላሚዲያ የሚሰጡት ሴፍትሪያክሶን፣ አዚትሮማይሲንና ዶክሲሳይክሊን ይህን ተሕዋስ አይገድሉትም። አሞክሳሲሊንማ ጭራሹን አይነካውም። ሜትሮኒዳዞልም በተራው ጨብጥን አያድንም። በግምት መድኃኒት መግዛት ዕጣ እንደ መጣል ነው።

ጤና ጣቢያ ሲደርሱ ለባለሙያው እነዚህን ይንገሩት፦ ምልክቱ መቼ እንደጀመረ፣ ባለቤትዎ ምልክት እንዳላት ወይም ነፍሰ ጡር እንደሆነች፣ በቅርቡ ምን መድኃኒት እንደወሰዱ። ለአሜባ ወይም ለጃርዲያ ብለው ሜትሮኒዳዞል ወይም ቲኒዳዞል ወስደው ከሆነ ይህን አይርሱ። እነዚህ ሁለቱ የሆድ መድኃኒት ብለን የምናውቃቸው ክኒኖች ለትሪኮሞኒያሲስም የሚሰጡት ናቸው። ሆዱን ብሎ የዋጠ ሰው ሳያውቀው ከዚህም ድኖ፣ ሚስቱ ግን ስላልታከመች እንደገና ተይዞ ሊሆን ይችላል።

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን አባል ከሆኑ መታወቂያዎን ይያዙ፤ አገልግሎቱ የሚጀምረው ከጤና ጣቢያው ነው።

አንድ ነገር ግን ይህን ሁሉ ደረጃ አይጠብቅም። የዘር ፍሬ በድንገት በኃይል ካመመ የዘር ፍሬው ተጠምዝዞ ደም ተቋርጦበት ሊሆን ይችላል፤ ፍሬውን ለማትረፍ ያለው ጊዜ ስድስት ሰዓት ያህል ነው። ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል ይሂዱ። እብጠትና ትኩሳትም በዚያው ቀን መታየት አለባቸው።

ሁለተኛ ደረጃ፦ ምርመራው

ሽንትዎን ሸንተው አይሂዱ። ቢያንስ አንድ ሁለት ሰዓት ሽንት የያዘ ሰው፣ ከተቻለም የጠዋቱን የመጀመሪያ ሽንት ያልሸና ሰው፣ ለምርመራ ይመረጣል። የሚፈለገው ደግሞ መጀመሪያ የሚወጣው ሽንት ነው፤ ተሕዋሱ ያለው ሽንት ቧንቧው ግድግዳ ላይ ስለሆነ የመጀመሪያው ፍሰት አጥቦ ያመጣዋል። ለሌላ የሽንት ምርመራ «መሀል ላይ ያለውን ይያዙ» ሲባል የለመዱ ሰዎች እዚህ ይሳሳታሉ።

የላቦራቶሪ ባለሙያው በማይክሮስኮፕ የሚፈልገው የሚንቀሳቀሰውን ተሕዋስ ነው። ቆሞ ካገኘው ከነጭ የደም ሕዋስ ሊለየው ይቸግረዋል፤ መጠናቸው ይቀራረባል። ተሕዋሱ ደግሞ ሲቀዘቅዝ ይፈዛል። እንደ ደብረ ብርሃን ባለ ብርድ አገር ናሙናው መስኮት አጠገብ ግማሽ ሰዓት ቢቀመጥ ያው መንቀሳቀሱን ያቆማል ማለት ነው። ስለዚህ ናሙናውን ከቤት በጠርሙስ ይዘው አይምጡ፤ እዚያው ሰጥተው እዚያው ይታይ።

እንዲህም ተጠንቅቆ በወንድ ላይ ምርመራው ብዙ ጊዜ ያመልጠዋል። «የለም» የሚል ውጤት ነጻ ነዎት ማለት አይደለም። ሚስትዎ ላይ ከተገኘ፣ የእርስዎ ውጤት ምንም ይሁን ምን ይታከማሉ። ይህን የማይቀበል ወንድ ብዙ አይቻለሁ፤ የላቦራቶሪውን ወረቀት እንደ ፍርድ ቤት ውሳኔ ይዞ ቤቱ ይገባና ሚስቱን መልሶ ያሳምማታል።

እግረ መንገድዎን የኤች አይ ቪና የቂጥኝ ምርመራ ያድርጉ። ትሪኮሞኒያሲስ ኤች አይ ቪ በቀላሉ እንዲተላለፍ መንገድ ይከፍታል፤ በዚያ ላይ ደም አንዴ ከተቀዳ ሁለቱንም ማየት ይቻላል።

ሦስተኛ ደረጃ፦ መድኃኒቱ

ለወንድ በብዛት የሚታዘዘው ሜትሮኒዳዞል 2 ግራም በአንድ ጊዜ ነው። ይህም ባለ 250 ሚሊ ግራም ከሆነ ስምንት ፍሬ፣ ባለ 500 ከሆነ አራት ፍሬ ማለት ነው። በምትኩ ቲኒዳዞል 2 ግራም፣ ማለትም ባለ 500 ሚሊ ግራም አራት ፍሬ፣ በአንድ ጊዜ ሊሰጥ ይችላል። አንዳንድ ባለሙያ 500 ሚሊ ግራም ሜትሮኒዳዞል ጠዋትና ማታ ለሰባት ቀን ያዛል፤ ይህም ትክክል ነው። የተጻፈልዎትን ይከተሉ እንጂ ከጎረቤት ማዘዣ ጋር አያስተያዩት።

መድኃኒቱ ራሱ መርዝ ሆኖ አይገባም። ተሕዋሱ ኦክስጅን በሌለበት የሚኖርበት የራሱ ዘዴ አለው፤ ያው ዘዴ ክኒኑን ውስጡ ሲያገኘው ወደ ጎጂ ነገር ይለውጠዋል፤ ያም የዘር መዝገቡን ይበጣጥሰዋል። ራሱ በለኮሰው እሳት ይቃጠላል ማለት ነው። ለዚህ ግን በቂ መጠን በአንድ ጊዜ መድረስ አለበት፤ የዚያ ገበሬ አራት ፍሬዎች ያልሠሩትም ለዚህ ነው።

ስምንቱን ፍሬ በባዶ ሆድ አይዋጡ፤ ማቅለሽለሽና ማስታወክ ያመጣል። ከራት በኋላ፣ በብዙ ውኃ። ጾመኛ ነኝ ብለው የሚጨነቁ ብዙ ናቸው፤ ጾም መግደፍ አያስፈልግም። ዘጠኝ ሰዓት ከሆነ በኋላ ሲበሉ፣ ወይም ማታ ሽሮውን በልተው ይዋጡት፤ የአንድ ጊዜ መድኃኒት መሆኑ ለጾመኛ ይመቻል። ጸበል የሚጠጡ ሰዎችም መድኃኒቱን አያቋርጡ፤ ጸበል ጠጥቶ ክኒን መዋጥ የሚያጣላ ነገር የለውም። ሸንኮራ ዮሐንስ ወይም ጻድቃኔ ማርያም ለሱባኤ ሊሄዱ ካሰቡ ግን ክኒኑን ከመሄድዎ በፊት ይጨርሱ፤ እዚያ ለቀናት ምግብ ሲያንስ ሰባት ቀን የሚወሰደው መድኃኒት ያስቸግራል።

መጠጥስ? በመድኃኒቱ መግለጫ ላይ አልኮል እንዳይጠጣ ተጽፏል። በቅርብ ዓመታት የወጡ የሕክምና መመሪያዎች ክልከላውን አላልተውታል፤ አብሮ መጠጣት ያስከትላል ይባል የነበረው ጉዳት በማስረጃ እምብዛም አልጸናም። እኔ ግን የደብረ ብርሃንን አረቄ አውቀዋለሁ። ክኒኑ በራሱ በሚያቅለሸልሽበት ሌሊት አረቄ የጨመረ ሰው ቢያስታውክ መድኃኒቱም አብሮ ይወጣል። ከመጨረሻው ክኒን በኋላ ሦስት ቀን ጠላም፣ ጠጅም፣ አረቄም ይቆዩ። ለዚህ ሲባል ቀኑን ከሠርግ፣ ከማኅበርና ከዝክር ያርቁት፤ ድግስ ላይ «ለምን አትጠጣም?» ለሚል ወዳጅ መልስ ከማዘጋጀት ቀኑን መምረጥ ይቀላል።

አፍዎ ብረት የላሰ ያህል ሊመርዎት፣ ሽንትዎ ሊጠቁር ይችላል። ሁለቱም ያልፋሉ። ከዋጡ በኋላ ወዲያው ካስታወኩ ወደ ባለሙያው ተመልሰው ይንገሩ። ዋርፋሪን የሚባለውን የደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው ሜትሮኒዳዞልን ለሐኪሙ ሳይነግር መውሰድ የለበትም፤ ደም መፍሰስ ሊያመጣ ይችላል። ሊትየም የሚወስድም እንዲሁ።

አራተኛ ደረጃ፦ ሚስት፣ እጮኛ፣ ጓደኛ

ወደ ዋናው ጉዳይ ደርሰናል። የባለቤትዎ መድኃኒት ከእርስዎ የተለየ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ በሥራ ላይ ባሉ መመሪያዎች ለሴት የሚመረጠው የአንድ ጊዜው ሳይሆን 500 ሚሊ ግራም ሜትሮኒዳዞል ጠዋትና ማታ ለሰባት ቀን ነው፤ ለእሷ እንዲህ ሲሆን የተሻለ ያድናል። ስለዚህ ከእርስዎ ስምንት ፍሬ አራቱን መስጠት ሁለት ጊዜ ስህተት ነው፤ የእርስዎን ያጎድላል፣ የእሷንም አይሞላም። በተጨማሪም ነፍሰ ጡር ከሆነች ቲኒዳዞል አይሰጣትም፤ ሜትሮኒዳዞል ግን በባለሙያ ትእዛዝ ትወስዳለች። የምታጠባ ከሆነች ይህንንም ታሳውቅ። በነፍሰ ጡር ላይ በሽታው ሕፃኑ ያለ ጊዜው ወይም ክብደቱ አንሶ ከመወለድ ጋር ስለሚያያዝ «ከወለድሽ በኋላ ትታከሚያለሽ» ብሎ ማቆየት አይገባም።

ግን እንዴት ይነግሯታል? ወንዶች የሚሸሹት ክኒኑን ሳይሆን ይህን ነው። ሚስትም ወረቀቷን ጉያዋ ውስጥ ሸሽጋ የምትሰነብተው በዚሁ ፍርሃት ነው።

በንግግሩ ውስጥ ቢያንስ አንድ እውነት ይዘው ይግቡ፦ ይህ በሽታ መቼ እንደገባ ማንም ሊናገር አይችልም። በሴት አካል ውስጥ ምልክት ሳያሳይ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ሊቆይ ይችላል። በወንድም በራሱ ሊጠፋም ሊሰነብትም ይችላል። ዛሬ ተገኘ ማለት ትናንት ተያዘ ማለት አይደለም፤ መጀመሪያ ምልክት ያሳየው ሰውም መጀመሪያ ያመጣው ሰው ነው ማለት አይደለም። ማን አመጣው የሚለውን ጥያቄ ማይክሮስኮፕ አይመልሰውም። ሽማግሌ ከመጥራታችሁ በፊት ክኒኑን ዋጡ እላለሁ፤ ሽማግሌ የሚያስታርቀው ሰውን ነው፣ ተሕዋስ አያስታርቅም።

ሲነግሯት አጭር ይሁኑ። «ጤና ጣቢያ ሄጄ ነበር። የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን አለ፤ ሁለታችንም ካልታከምን አይለቅም ብለውኛል። ነገ አብረን እንሂድ።» ይህ ውሸት የለበትም፤ ክስም የለበትም። ልጆች ባሉበት፣ እናትዎ በተቀመጡበት ወይም ቡና ላይ ጎረቤት ሲመጣ አያንሱት። መናገር ፈጽሞ ካልሆነልዎት ባለሙያውን ይጠይቁ፤ ባልና ሚስትን አንድ ክፍል አስቀምጦ ማስረዳት ሥራው ነው፣ ለብዙዎች አድርጎታል። የቀበሌያችሁ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛም ባለቤትዎ ወደ ጤና ጣቢያ እንድትሄድ ልትረዳ ትችላለች። አንዳንዱ ግን እሷ ጎረቤት ናት፣ ወሬው ይወጣል ብሎ ይፈራል፤ ፍርሃቱን አልንቀውም። እንዲህ ከሆነ ሌላ ከተማ ያለ ጤና ጣቢያ ይሂዱ። መሐል ሜዳ የማያውቅዎት ሰው ብዙ ነው።

ተራርቀው የሚኖሩስ? ባል ደብረ ብርሃን ፋብሪካ ውስጥ፣ ሚስት አለም ከተማ፤ ወይም ሹፌሩ መንገድ ላይ፣ ቤቱ ሸዋ ሮቢት። እያንዳንዳቸው ባሉበት ታይተው፣ በስልክ ተነጋግረው በአንድ ሰሞን ይዋጡ። ከመገናኘታቸው በፊት ሁለቱም ይጨርሱ። እሱ ለበዓል ሲመጣ ይታከማል ብሎ ማቆየት የእሷን ሰባት ቀን ከንቱ ያደርገዋል።

ሌላ ሴትም ካለች እሷም መታከም አለባት። ይህን ለሚስትዎ ለመንገር አቅም ባይኖርዎ እንኳ ለሐኪሙ ይንገሩ።

አምስተኛ ደረጃ፦ መታቀብ

እርስዎ የአንድ ጊዜውን ከወሰዱ ሰባት ቀን ይቆጠራል፤ የሰባት ቀኑን ከወሰዱ እስኪጨርሱ። እሷም እስክትጨርስ፣ የሁለታችሁም ምልክት እስኪጠፋ ድረስ ግንኙነት የለም። ከሁለቱ ዘግይቶ የጨረሰው ነው የሚቆጠረው። ኮንዶም አደጋውን ይቀንሳል፤ በዚህ ሳምንት ግን በእሱ አይተማመኑ።

ስድስተኛ ደረጃ፦ ካልለቀቀ

ማቃጠሉ ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየ ወይም ጠፍቶ ከተመለሰ፣ መጀመሪያ የሚጠየቀው መድኃኒቱ ሳይሆን ቤቱ ነው፦ እሷ ታክማለች? ሰባቱን ቀን ጨርሳለች? እርስዎስ ስምንቱንም ዋጡ? አልታቀባችሁም ነበር? ከተመላሾቹ ብዙዎቹ እንደገና የተያዙ ናቸው።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ካልለቀቀ ተሕዋሱ መድኃኒቱን ለምዶ ሊሆን ይችላል። ይህ ያልተለመደ ነው፤ ግን አለ። በአንድ ጊዜው ያልዳነ ወንድ 500 ሚሊ ግራም ጠዋትና ማታ ለሰባት ቀን ይታዘዝለታል፤ ያም ካልሠራ በየቀኑ 2 ግራም ለሰባት ቀን በሐኪም ክትትል ይሰጣል። ይህኛው ከመስኮት የሚገዛ አይደለም፤ ነርቭን ሊጎዳ ስለሚችል ሆስፒታል ደረጃ የሚታይ ነው። እጅና እግር ላይ መደንዘዝ ከተሰማዎት ወዲያው ይናገሩ። ሐኪሙ በዚህ ጊዜ ሌላም ነገር ይፈልጋል፤ ያልታከመ ክላሚዲያ፣ የፕሮስቴት እጢ መቆጣት፣ ወይም ከአባላዘር በሽታ ጋር የማይገናኝ የሽንት ጠጠር። ለካስ አንዳንዴ እውነትም ኩላሊት ይሆናል።

ባለቤትዎ ከታከመች ከሦስት ወር በኋላ እንደገና ትመርመር፤ ለሴቶች የሚመከር ነው፤ ለእርስዎ ምልክት ከሌለ ግዴታ አይደለም።

ያ ገበሬ ለሦስተኛ ጊዜ ሲመጣ ብቻውን አልነበረም። ሚስቱ ነጠላዋን አጣፍታ ከበሩ ወዲህ ቆማለች። ጤና ጣቢያ አብረው ታይተው፣ ሁለት ማዘዣ ይዘው ነው የመጡት። የእሱን ስምንት ፍሬ በአንድ ፖስታ፣ የእሷን የሰባት ቀን በሌላ ፖስታ አድርጌ፣ በላያቸው ላይ «የእሱ»፣ «የእሷ» ብዬ ጻፍኩ። ሁለቱንም ለእሷ ሰጠኋት።